መልስ፦ ፑል ስጫወት ቀጥ ያለ ኳስ ለምን አንዴ ገብቶልኝ አንዴ ይስትብኛል? በኃይል ስመታስ ለምን ወደ ቀኝ ይሄዳል?

አቦ፣ እጅህን ከመውቀስህ በፊት እግርህን እይ። ነጯ ኳስ የምትሄድበትን መስመር ቆመህ ለይ፣ ቀኝ እግርህን እሱ ላይ አድርግ (ግራኝ ከሆንክ ገልብጠው)፣ ሌላውን በትከሻ ስፋት ወደ ፊት ከፈት አድርገህ ጎንበስ በል። ጎንበስ ካልክ በኋላ አላማ ማስተካከል ካማረህ ተነሥና እንደገና ጀምር። ስቲኩ (መምቻ ዘንጉ) የሚያርፍበት እጅህ ከነጯ 20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ይራቅ።

በኃይል ስትመታ ኳሷ ወደ ቀኝ ትሄዳለች ያልከው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአጨባበጥ ነው። መዳፍህ ሲጠብቅ አንጓህ ይዞርና የስቲኩ ጫፍ ከመሃል ይወጣል። በጣቶችህ ላላ አድርገህ ያዘው። ጫፉ ነጯን ሲነካ ከክርንህ በታች ያለው ክንድህ ቀጥ ብሎ ወደ መሬት ይንጠልጠል። ክርንህ አይውረድ፤ ኳሷ እስክትርቅም ቀና አትበል።

መፈተኛው ቀላል ነው፦ ነጯን ብቻዋን በጠረጴዛው ቁመት መሃል ለመሃል ምታት። ከወዲያኛው ጠርዝ ነጥራ ወደ ስቲክህ ጫፍ ካልተመለሰች ጎኗን ነክተሃል። በቀስታ አምስት ጊዜ በተከታታይ ሳትመለስልህ ኃይል አትጨምር።

ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ከሰዓት ላይ የምትጫወት ከሆነ ደግሞ ፎጣ ያዝ፤ በዚያ ሙቀት ላብ ስቲኩን ጣትህ ላይ ያጣብቀዋል። ፓውደር ይቅርብህ፣ ጨርቁን ያበላሻል፤ ባለቤቱም አይወድልህም።