የመጋዘኑን ቁልፍ ከመረከብሽ በፊት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ29 ዓመት ሴት ነኝ። ሞረትና ጅሩ ወረዳ ውስጥ ባለ አንድ መሠረታዊ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር በሥራ አስኪያጅነት ተቀጥሬ በግንቦት መጀመሪያ ሥራ እገባለሁ። እስካሁን ደብረ ብርሃን ውስጥ 5 ዓመት በሒሳብ ሠራተኛነት ሠርቻለሁ እንጂ ሰው መርቼ አላውቅም።

መጋዘኑን የያዙት ሰው ከ15 ዓመት በላይ እዚያው የኖሩ፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ናቸው። የሒሳብ ሠራተኛው እኔ በተቀጠርኩበት ቦታ ላይ ተወዳድሮ የቀረ ነው። አባላቱ ደግሞ አምና በማዳበሪያ ሥርጭት ተቀያይመዋል፤ ገሚሱ ከረጢቱ ጎደለ ይላል፣ ገሚሱ ለዘመድ ቀድሞ ወጣ ይላል። ለቃለ መጠይቅ የሄድኩ ዕለት በር ላይ የቆሙ አንድ አባት «አሁን ደግሞ ይቺን ልጅ አመጡልን?» ሲሉ ሰምቻለሁ። ክረምቱ ሊገባ ስለሆነ ቀስ እያልኩ ለመላመድ ጊዜ የለኝም። በአጭር ጊዜ አመኔታ ለማግኘት ከየት ልጀምር? ከምንስ ልጠንቀቅ?

ከእነዋሪ

መልስ፦ እህቴ፣ እኚያ አባት የተናገሩት ስለ ልጅነትሽ ቢሆንም የሚያሳስባቸው ከረጢቱ ነው። አምና ጎደለብኝ ያለ ሰው ዘንድሮ በንግግር አይመለስም፤ የሚያምነው ራሱ መዝኖ፣ ራሱ ቆጥሮ ያገኘውን ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አባሉ በዓይኑ አይቶ ሊያረጋግጠው በሚችለው ነገር ላይ አውያቸው። ዕቅዱና ማሻሻያው ይቆይ።

መጀመሪያ ርክክቡ። አዲስ ሥራ አስኪያጅ ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው እዚህ ነው፤ እንግዳ ስለሆነ ተጠራጣሪ እንዳይባል ብሎ ቀድሞ የተዘጋጀውን ሰነድ ይፈርማል። ከፈረምሽ በኋላ ለሚገኝ ጉድለት የምትጠየቂው አንቺ ነሽ። ቆጠራው ሁለት ቀን ቢፈጅም ይፍጅ። የቁጥጥር ኮሚቴው፣ የመጋዘን ኃላፊው፣ የሒሳብ ሠራተኛውና አንቺ አብራችሁ ቁማችሁ በየክምሩ ቁጠሩ። ሦስት ቁጥር ጎን ለጎን ይጻፍ፦ በእጅ የተቆጠረው፣ በመጋዘኑ ቢን ካርድ (የመጋዘን ኃላፊው የገባውንና የወጣውን በሚመዘግብበት ካርድ) ላይ ያለው፣ በሒሳብ ክፍሉ ስቶክ ካርድ (ሒሳብ ክፍሉ ያንኑ ለብቻው በሚመዘግብበት ካርድ) ላይ ያለው። ካልገጠሙ ልዩነቱን እዚያው መዝግባችሁ ሁላችሁም ፈርሙ፤ ጥፋተኛ ፍለጋ ግን በዚያች ሰዓት አትጀምሪ። ልዩነት ሁሉ ስርቆት አይደለም። የወጣ ዕቃ ካርዱ ላይ ሳይቀነስ ቀርቶ ይሆናል፤ የተቀደደ ከረጢት ፈስሶም ይሆናል። ዩሪያ የተባለው ማዳበሪያ እርጥበት ስለሚስብ መሬት ላይ ወይም ግድግዳ ተጠግቶ የተደረደረው ተጋግሮ፣ ከረጢቱም ተበላሽቶ ሊገኝ ይችላል። የካዝናውን ገንዘብ በዚያው ቀን ቁጠሩ፣ የባንክ መግለጫውን ከሌጀሩ (ከሒሳብ መዝገቡ) ጋር አስታርቁ፣ ያልተሠራባቸው ደረሰኞች ከየትኛው ቁጥር እስከ የትኛው እንደሆኑ በርክክቡ ላይ አስፍሩ። ይህ የደረሰኝ ነገር በብዛት ይዘነጋል። ከርክክብ በኋላ ብቅ የሚል አሮጌ ጥራዝ ግን ከጎደለ ከረጢት የባሰ ጣጣ ያመጣል።

ቆጠራው እንደሚደረግ ለመጋዘን ኃላፊው አስቀድመሽ፣ ለብቻቸው፣ ያሉበት ድረስ ሄደሽ ንገሪያቸው። «ጋሼ፣ ይህ እርስዎንም እኔንም ነፃ የሚያወጣ ነው፤ እርስዎ ሳይኖሩ አንድ ከረጢት እንዲነካ አልፈልግም» ማለት ይበቃል። እኚህ ሰው ዝናብ ሲበረታ ጣሪያው በየትኛው ጥግ እንደሚያፈስ፣ የትኛው ጎጥ በስንት ሰዓት እንደሚደርስ፣ መኪና ሲመሽበት ማን እንደሚያራግፍ ያውቃሉ። ይህን ሰው እየሰማ ጠይቂያቸው፣ ያሉሽንም ሥሪበት። «ልጄ» ቢሉሽ አትከፊ፤ በአገሩ ወግ ስድብ አይደለም።

አሁን ወደ ሚዛኑ። የሚዛን ትክክለኛነት ማረጋገጫ የሚሰጠው የንግድ ጽሕፈት ቤት ነውና ከሥርጭቱ በፊት መጥተው እንዲያዩት በደብዳቤ ጠይቂ። ከዚያ በተጨማሪ ግን አባሉ ራሱ የሚፈትሽበት መንገድ አለ። ባዶ ጀሪካን ይመዘን። ቀጥሎ በ1 ሊትር ዕቃ እየተለካ 20 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይጨመርበት፤ ሚዛኑ 20 ኪሎ ከፍ ማለት አለበት። ጀሪካኑን ዝም ብሎ እስከ አፉ መሙላት አይሆንም፤ ከ20 ሊትር በላይ ስለሚይዝ ደህናውን ሚዛን ያስጠረጥራል። መሃሉ ላይ ከተመዘነ በኋላ በአራቱም ማዕዘን ይሞከር። በአንዱ ማዕዘን ቁጥሩ ከተለየ ወይ ወለሉ ወጣ ገባ ነው፣ ወይ ሚዛኑ ጥገና ይፈልጋል። በ20 ኪሎ ልክ የሆነ ሚዛን በ50 ኪሎ ሊስት ስለሚችል ሁለት ጀሪካን በ20፣ ሦስተኛውን ደግሞ በ10 ሊትር ሞልታችሁ አንድ ላይ አስቀምጡ፤ የባዶ ጀሪካኖቹ ክብደት ሲቀነስ 50 ኪሎ መምጣት አለበት። ይህ ሁሉ ሥርጭቱ በሚጀመርበት ጠዋት፣ ተራ የያዘው ሰው እያየ ይደረግ፤ የሚለካውም የሚሞላውም አባል ይሁን እንጂ አንቺ አትንኪው። ከዚያ አባላቱ ከየክምሩ ደስ ያላቸውን 10 ከረጢት መርጠው ይመዝኑ። ከ50 ኪሎ የጎደለ ከተገኘ ለብቻው ይቀመጥ፤ ለማንም ሳይታደል ማዳበሪያውን ለማኅበሩ ላቀረበው ዩኒየን (የማኅበራት ኅብረት) በቃለ ጉባኤ ይጻፍ።

በሩ ላይ ሁለት ወረቀት ለጥፊ። አንደኛው የአንድ ከረጢት ዋጋ ከምን ከምን እንደተደመረ የሚያሳይ ነው፦ የዩኒየኑ ዋጋ፣ ማጓጓዣ፣ መጫኛና ማውረጃ፣ የማኅበሩ አገልግሎት ክፍያ፣ ድምር። ሐሜቱ የሚገባው ይህ ሳይብራራ ሲቀር ነው። ሁለተኛው በየቀኑ የሚቀየር ነው፦ ያደረ፣ የገባ፣ የወጣ፣ የቀረ። ማንበብ የማይችል አባል ስላለ ጠዋት ጠዋት ጮክ ተብሎ ይነበብ። የየጎጡ ተራም ከነቀኑ ይለጠፍ። ዩሪያ ለስንዴ በሁለት ዙር ስለሚጨመር መጀመሪያ የመጣው ጎጥ የሁለቱንም ዙር ጠቅልሎ ወስዶ ኋላ የሚመጣው ባዶ መጋዘን እንዳይጠብቀው፣ በየዙሩ ለአንድ አባል ስንት እንደሚደርስ የማኅበሩ ሥራ አመራር ኮሚቴ አስቀድሞ ይወስን።

ዋናው ፈተና ግን ከገበሬው የሚመጣ አይመስለኝም። ከኮሚቴው አንዱ ቀረብ ብሎ «ይቺን ሁለት ከረጢት ለእገሌ ቀደም አድርጊልኝ» ይልሻል። ያን ጊዜ የምትመልሽውን ዛሬ አዘጋጂ፦ «ተራው ተለጥፏል፤ ይቀየር ከተባለ ኮሚቴው በቃለ ጉባኤ ይወስንልኝ።» አንዴ እሺ ካልሽ ወሬው ከአንቺ ቀድሞ ቀበሌው ይደርሳል፤ ሚዛኑም ወረቀቱም ዋጋ ያጣሉ። ይህን መልስ የምትመልሽበት አቅም እንዲኖርሽ በመጀመሪያው ሳምንት ከኮሚቴው ጋር በጽሑፍ ተስማሙ፦ ያለ ኮሚቴ ውሳኔ እስከ ስንት ብር ማውጣት ትችያለሽ፣ ባንክ የሚፈርሙት እነማን ናቸው፣ ተራ የመቀየር ሥልጣን የማን ነው።

የሒሳብ ሠራተኛውን በዚያው ሳምንት ለብቻው አነጋግሪው። ቦታውን ፈልጎ እንደነበር እንደምታውቂ ሳትሸፋፍኚ ንገሪው፤ የባንክ ማስታረቂያውንና የዕለቱን ወረቀት በእርሱ ፊርማ እንዲያወጣ ስጪው። ማባበል አያስፈልግም። ስለ ቀደመው ሥራ አስኪያጅ ደግሞ ክፉ አታውሪ፤ ሌላው ቢያወራም አትከተዪ።

አባላቱን ቢሮ ተቀምጠሽ አትጠብቂያቸው። በ12፣ በ21፣ በ27 ሞፈር ስለማይነሳ ከቅዳሴ በኋላ በየጎጡ ታገኛቸዋለሽ። ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ አቅርቢ፦ አምና ምን ጎደለብዎ? ከማኅበሩ ሥራ የትኛው ቢቀር ይጎዳዎታል? ዘንድሮ ማዳበሪያው እስከ መቼ እጅዎ እንዲገባ ይፈልጋሉ? እያዩሽ ጻፊ፤ ስትጨርሺ የጻፍሽውን አንብቢላቸው። ስብሰባ ላይ የማይናገሩ ነገር ግን በጥቁሩ አፈር ላይ ውሃ ማንጣፈፊያ መደብ ሲወጣ አብረው የሚደክሙ ሴቶች አሉ፤ እነሱን ሳትሰሚ አትመለሺ።

ቃል ስትሰጪ በእጅሽ ያለውን ብቻ ስጪ። መኪናው ከዩኒየኑ የሚነሳበት ቀን በእጅሽ አይደለም። «ማክሰኞ ይገባል» ካልሽና ካልገባ ዋሾ ትባያለሽ። «ማክሰኞ በ9 ሰዓት ቢገባም ባይገባም እዚህ በር ላይ ቆሜ የደረሰበትን እነግራችኋለሁ» ብትዪ ግን መኪናው ቢቀርም ቃልሽ አይቀርም። በ9 ሰዓት እዚያ ተገኚ፤ የምትነግሪያቸው ነገር ባይኖርሽም።

ጀሪካኑን ማን ይሙላ ካልሽ፣ እኚያን በር ላይ የቆሙትን አባት ለምኛቸው።