«ታታሪ ነው» ወይስ «ምን ሠራ?»፦ ስለ ወታደር ምዘና አጻጻፍ

ጥያቄ፦ «በሥሬ ሠላሳ ያህል ወታደሮች አሉ። በየስድስት ወሩ የሥራ አፈጻጸም ምዘናቸውን እጽፋለሁ። ባለፈው ጊዜ አለቃዬ ወረቀቶቹን መለሰልኝና ‹አንድ ሰው ሠላሳ ጊዜ የጻፍክ ነው የሚመስለው› አለኝ። እውነቱን ነው። ሁሉም ላይ ‹ታታሪ፣ ታዛዥ፣ የተሰጠውን ግዳጅ በብቃት የሚወጣ› ብያለሁ። ልጆቹ ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። በምን ቃል ልለያቸው? ድክመትስ ሰውን ሳይጎዳ እንዴት ይጻፋል? ደግሞ ‹ፈጽሟል› ነው ወይስ ‹ፈጽመዋል› የሚባለው? ‹አፈጻጸም› ሲጻፍስ በየትኛው ‹ጸ› ነው?» አንድ መቶ አለቃ

መልስ፦ መቶ አለቃ፣ የአለቃዎ ቃል ጠንከር ያለ ነው። እርስዎ ግን ሳይከፉ ተቀብለውታል፤ ይህን በጣም ወደድኩት። እስቲ ወረቀቱን የሚያነቡትን ሰዎች ያስቧቸው። ስለ ማዕረግ ዕድገት፣ ስለ ሥልጠና፣ ስለ ምደባ የሚወስኑት ሰዎች ብዙውን ጊዜ ወታደሩን በዓይናቸው አይተውት አያውቁም። ስለ እሱ የሚያውቁት እርስዎ የጻፉትን ነው። ስድስት ወር ሙሉ የለፋ ልጅ እነሱ ፊት የሚቀርበው በእርስዎ አምስት መስመር ነው።

ከወረቀቱ ስም እንጀምር። «አፈጻጸም» የሚለው ቃል «አነጋገር»፣ «አካሄድ»፣ «አጻጻፍ» ከሚሉት ጋር በአንድ መልክ የተሠራ ነው። እነዚህ ቃላት ሁሉ «እንዴት?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ናቸው። አነጋገር ሲባል እንዴት እንደተናገረ ነው፤ አካሄድ ሲባል እንዴት እንደሄደ። አፈጻጸምም እንዴት እንደፈጸመ ነው። እንግዲህ ወረቀቱ የጠየቀዎት «ሥራውን እንዴት ፈጸመ?» ብሎ ነው። እርስዎ የመለሱት ደግሞ «ምን ዓይነት ሰው ነው?» ለሚለው ነው። «ታታሪ»ም «ታዛዥ»ም የጠባይ ስሞች ናቸው። ሠላሳው ወረቀት አንድ የመሰለው እዚህ ላይ ነው። ጥሩ ጠባይ ያላቸው ሰዎች በጠባይ ቃል ሲገለጹ ይመሳሰላሉ። የሚለያዩት በሠሩት ነው።

ይህ የቆየ ችግር ነው። እ.ኤ.አ. በ1813 የአሜሪካ ጦር ጄኔራል ሉዊስ ካስ ስለ አንድ ሬጅመንት መኮንኖች የጻፉት ሪፖርት እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ስለ አንዱ መኮንን የሰፈረው «መልካም ጠባይ ያለው ሰው» የሚል ነው። ከ200 ዓመት በኋላ ስናነበው ሰውየው ምን እንደሠራ አሁንም አናውቅም።

እ.ኤ.አ. በ1920 ደግሞ ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ አዛዦች በሥራቸው ላሉት የሰጡትን ነጥብ መረመሩ። የሰውነት አቋም፣ የማሰብ ችሎታ፣ የመሪነት ብቃትና ጠባይ ለየብቻ ነበር የሚመዘኑት። ነጥቦቹ ግን ከሚገባው በላይ ተመሳሰሉ። በአንዱ ከፍ ያለው በሌላውም ከፍ ብሎ ተገኘ። መዛኙ ስለ ሰውየው በጥቅሉ የያዘው ስሜት ሁሉም ነጥብ ላይ አርፎበታል ማለት ነው። ቅጽል ደርድረን ስንጽፍም የሚሆነው ይኸው ነው። «ታታሪ» ካልን «ታዛዥ»፣ «ታማኝ»፣ «ቆራጥ» ሳናስበው ይከተላሉ። አፋችን ላይ ተያይዘው የሚመጡ ቃላት ናቸው። እጃችን ሲጽፋቸው ዓይናችን ወታደሩን እያየ አይደለም።

መፍትሔው ግስ ነው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። አንባቢው እዚያ ድረስ የሚጠብቀው ዋናውን ነገር ለማግኘት ነው። ያ ቦታ በ«ነው» ብቻ ሲዘጋ አንባቢው ባዶ እጁን ይቀራል። እነዚህን ሁለቱን ያስተያዩ።

«ሃምሳ አለቃው ከፍተኛ ተነሳሽነት ያለው ታታሪ አሠልጣኝ ነው።»

«ሃምሳ አለቃው 14 አዲስ ወታደሮችን ኢላማ ተኩስ አሠለጠነ። 13ቱ በመጀመሪያው ፈተና አለፉ። የቀረውን አንዱን ሁለት ሳምንት ለብቻው አሠልጥኖ ለፈተና አቀረበው፤ እሱም አለፈ።»

ሁለተኛው ላይ «ታታሪ» የሚል ቃል የለም። ታታሪነቱን ሳያይ የሚያልፍ አንባቢ ግን ያለ አይመስለኝም። አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ እኔን ሁሌም ደስ የሚለኝ ነገር ነው። የማዕረጎቻችንን ስም ይመልከቱ። አስር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ መቶ አለቃ። ሻለቃም «ሺ አለቃ» ከሚለው የመጣ ነው። የወታደር አማርኛ ከጥንቱም ቆጥሮ የሚናገር ነው። ምዘናውም ቢቆጥር ያምርበታል።

«ግዳጁን በብቃት ተወጥቷል» የሚለውን እንየው። ሐረጉ በራሱ ጥፋት የለበትም። ግን የትኛውን ግዳጅ? በስንት ሰው? በስንት ሰዓት? «በብቃት»፣ «በአግባቡ»፣ «በላቀ ሁኔታ»፣ «በከፍተኛ ተነሳሽነት» የሚሉትን ባገኙ ቁጥር ያጥፏቸውና በቦታቸው ቁጥር፣ ጊዜ ወይም ውጤት ለማስገባት ይሞክሩ። የሚገባ ነገር ከጠፋ ዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያም ባዶ ነበር። በርግጥ ቁጥር ሁሌ አይገኝም። ለጥበቃ የቆመ ወታደር ስድስት ወር ምንም ሳይደርስ ቢያሳልፍ ምን ይቆጠርለታል? ያኔ አንድ ቀን ይምረጡ። «ሌሊት ተረኛ ሳለ የነዳጅ ማከማቻው በር አለመቆለፉን አይቶ ወዲያው ለተረኛ መኮንኑ አሳወቀ» ቢሉ አንድም ቁጥር የለውም። ሰውየው ግን ይታያል።

አሁን ብዙ ምዘና ወደሚበላሽበት ቦታ ልምጣ። ማን ነው የሠራው? «አምስት ተሽከርካሪዎች ተጠግነዋል» ሲባል ጠጋኙ ጠፍቷል። በ«ተ» የሚጀምረው ግስ አድራጊውን የመደበቅ ልማድ አለው። ለሪፖርት ይመች ይሆናል፤ ለምዘና ግን አይሆንም፤ የምንመዝነው አድራጊውን ነውና። ደግሞ አማርኛ እዚህ ላይ የታደለ ቋንቋ ነው። ራሱ በእጁ ከሠራው «ጠገነ» ይላሉ። ሌሎችን አዞና ተቆጣጥሮ ካሠራ «አስጠገነ» ይላሉ። ከሌላ ሰው ሥር ሆኖ ከረዳ «ሲጠገኑ አገዘ» ይላሉ። አንዲት «አስ» የአዛዡን ሥራ ከባለሙያው ሥራ ትለያለች። ባለሙያው «ጠገነ» የሚለው ይገባዋል። የጓድ መሪው ደግሞ «አስጠገነ» ይገባዋል፤ ያም ትልቅ ሥራ ነው። መሪው ወረቀት ላይ «ጠገነ» ብለን ከጻፍን ግን የሜካኒኩን ላብ ወስደን ለሌላ ሰጠን። ይህን ሆን ብሎ የሚያደርገው ሰው ጥቂት ነው። በግስ መዘናጋት የሚደርስ በደል ስለሆነ ነው አጥብቄ የምናገረው።

የግሱ ጊዜም እንዲሁ ይፈርዳል። «ያረፍዳል» እና «ሁለት ጊዜ አርፍዷል» በጣም የተራራቁ ናቸው። «ያረፍዳል» ስንል ልማዱ ነው፣ ትናንትም ነበር፣ ነገም አይቀርም እያልን ነው። «ሁለት ጊዜ አርፍዷል» የሆነውን ብቻ ይናገራል። ወታደሩ መጥቶ ቢጠይቅዎትም ሁለቱን ቀን ይነግሩታል። «ያረፍዳል» ብለው ከጻፉ ግን ምን ይመልሱለታል? ለሙገሳም ያው ነው። «መሣሪያውን በንጽህና ይይዛል» ከማለት «በአራቱም ድንገተኛ ፍተሻዎች መሣሪያው ንጹሕ ሆኖ ተገኘ» ማለት ይሻላል። እዚህች «ተገኘ» ላይ ጠበቅ ማለት አያስፈልግም። የተፈተሸው መሣሪያ ነው፤ ባለቤቱም ይታወቃል።

«ቢሆንም» ደግሞ ቅደም ተከተል ያዛባል። እነዚህን ጮክ ብለው ያንብቧቸው።

«በሬዲዮ ግንኙነት ጎበዝ ቢሆንም ሁለት ጊዜ አርፍዷል።»

«ሁለት ጊዜ ቢያረፍድም በሬዲዮ ግንኙነት ጎበዝ ነው።»

ነገሩ አንድ ነው። ፍርዱ ግን ተገልብጧል። መጨረሻ ላይ የተቀመጠው ይከብዳል፤ «ቢሆንም» ያለበት ደግሞ «ይሁን፣ እንለፈው» የተባለ ይመስላል። እኔ ብሆን ሁለቱን እለያቸዋለሁ። አንዱን ዓረፍተ ነገር በነጥብ ዘግቼ ሌላውን ለብቻው እጽፋለሁ። ሚዛኑን አንባቢው ይያዘው።

ስለ ድክመት አጻጻፍ ጠይቀዋል። እዚህ ላይ ሦስት ቃላት አሉን፤ ሰው እያቀያየረ ይጽፋቸዋል። አንድ አይደሉም። «ጉድለት» ከ«ጎደለ» ነው። የጎደለ ነገር ይሞላል። ሥልጠና ያላገኘ፣ ልምድ የሌለው፣ ካርታ ማንበብ ያልለመደ ወታደር ጉድለት አለበት። «ድክመት» ከ«ደከመ» ነው። ወደ ሰውየው ጠጋ ይላል፤ አቅሙን ይነካል። «ጥፋት» ግን ከሁለቱም ይለያል። ጥፋት የሚባለው ማድረግ የማይገባውን ሲያደርግ፣ ወይም ማድረግ የሚገባውን እያወቀ ሲተው ነው። ከኋላው ተጠያቂነት አለ። ካርታ ማንበብ የማይችለውን ልጅ «ጥፋት አለበት» ብሎ መጻፍ ግፍ ነው። ዘብ ላይ ሆን ብሎ የተኛውን «ጉድለት ታይቶበታል» ብሎ ማለፍም ንቁ ሆኖ ያደረውን ጓደኛውን መበደል ነው። ቃሉን ከመጻፍዎ በፊት «ይህ የሚሞላ ነው ወይስ የሚጠየቁበት?» ብለው ራስዎን ይጠይቁ።

የሚሞላ ከሆነ ደግሞ በምን እንደሚሞላ አብሮ ይጻፍ። «የካርታ ንባብ ጉድለት አለበት» ብሎ ማቆም ልጁን መንገድ ላይ መተው ነው። «በሁለት የሌሊት ጉዞ ልምምዶች አቅጣጫ ስቷል። የካርታና የኮምፓስ ሥልጠና ያስፈልገዋል» ቢባል የሚያነበው ሰው የሚሠራው ነገር ያገኛል። ወታደሩም አይከፋም። ከፋም ቢል የተነገረው ስለ ሁለት ሌሊት እንጂ ስለ ማንነቱ አይደለም።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ። በዘዴ መንካትን ይተዉ። «ጥረት ያደርጋል»፣ «ከሰው ጋር ተግባቢ ነው»፣ «የሚታገዝ ከሆነ ጥሩ ይሠራል» የሚሉ ዓረፍተ ነገሮች አሉ። ላያቸው ምስጋና ነው፤ ውስጣቸው ግን «አይችልም» ይላሉ። ሰምና ወርቅ የቋንቋችን ትልቅ ጸጋ ነው። ቦታው ግን ቅኔ ነው። ምዘና ላይ ሰሙን ወታደሩ ያነባል፣ ወርቁን አለቃው ይፈታል፤ ልጁም እየተመሰገነ መሰለው እንጂ ተጥሏል። ማሻሻል የሚችለውን ነገር ማንም አልነገረውም። በግልጽ የተጻፈ ወቀሳ ከዚህ ይልቅ ርኅራኄ አለው።

«ፈጽሟል» ወይስ «ፈጽመዋል» ላሉት፣ ሁለቱም ትክክል ነው። የመሥሪያ ቤትዎ ልማድ አክብሮት ከሆነ «ፈጽመዋል» ይበሉ። ግን ለመኮንኑ «ፈጽመዋል»፣ ለተራው ወታደር «ፈጽሟል» እያሉ በአንድ ዓይነት ቅጽ ላይ መለየት አይታየኝም። ሚዛኑ ለሁሉም አንድ ከሆነ አጠራሩም አንድ ይሁን። ከሁሉ የከፋው በአንድ አንቀጽ ውስጥ «እሳቸው» ብሎ ጀምሮ «እሱ» ብሎ መጨረስ ነው። ይህ ብዙ ወረቀት ላይ ያለ ስህተት ነው።

አክብሮቱን ከመረጡ ከአንድ ነገር ይጠንቀቁ። «ፈጽመዋል» የአክብሮትም የብዙም ነው። «ሃምሳ አለቃዋ ከጓዳቸው ጋር ሦስት ድልድዮችን ፈትሸዋል» ሲባል እሷ ናት ያየችው ወይስ ሁሉም? አይለይም። ስለዚህ አክብሮት ባለበት ጽሑፍ የግለሰቡን ሥራ ከቡድኑ ሥራ በተለያየ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። «ሃምሳ አለቃዋ ሦስት ድልድዮችን ራሳቸው ፈትሸዋል። የጓዱ አባላት ደግሞ ጥበቃውን ይዘዋል።» «እሷ» በሚለው ከጻፉ ይህ ችግር የለም፤ «ፈትሻለች» ብቻ ይበቃል። እውነቱን ለመናገር ለምዘና እኔ የማደላው ለዚህ ለነጠላው ነው። ወረቀቱ ስለ አንድ ሰው ነውና።

ይህ ሁሉ ግን በመጨረሻው ሳምንት ተቀምጦ የሚጻፍ ከሆነ ከየት ይመጣል? ከአምስት ወር በፊት ያ ልጅ ምን እንደሠራ ማን ያስታውሳል? ትዝ የሚለን የቅርቡ ነው። ቅጽል የሚያስጽፈንም ትልቁ ምክንያት ይህ ይመስለኛል፤ ግሱን ረስተነዋል። አንድ የኪስ ማስታወሻ ይያዙ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ። በሳምንት አንዴ ያዩትን በአንድ መስመር፣ ከነቀኑ። ክፉውንም ደጉንም። ስድስት ወር ሲሞላ ምዘናው በግማሽ ተጽፎ ያገኙታል። ጽፈው ሲጨርሱ ደግሞ ስሙን በጣትዎ ሸፍነው ያንብቡት። ማን እንደሆነ ካወቁት ይላኩት።

የቀረው የፊደሉ ጉዳይ ነው። «ፈጸመ» በግእዝ በ«ጸ» ነው የሚጻፈው። ስለዚህ «አፈጻጸም»፣ «ፈጽሟል»፣ «ተፈጸመ» ይበሉ። በ«ፀ» የጻፉት ካለ ትርጉሙ አይለወጥም፤ ግን በአንድ ወረቀት ላይ ሁለቱን አይቀላቅሉ።