ከጃፓን ተማሪዎች ጋር ስለሚደረግ የባህል ልውውጥ፦ ከሱሉልታ የተገኘ ልምድ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበሩ የሥራ ባልደረባዬ። አንድ የጃፓን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከተማሪዎችዎ ጋር የባህል ልውውጥ ለማድረግ እንደጠየቀ ገልጸው፣ ይህ በእርግጥ ለሰላም ይጠቅም እንደሆነ ወይም የአንድ ቀን ትርኢት ሆኖ ይቀር እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔም ሱሉልታ ሳስተምር ልጆቻችን ከጃፓን ልጆች ጋር ይጻጻፉ ስለነበር፣ ያየሁትን ልንገርዎ።

ልጆቹ በእኩልነት፣ ስለ ዕለት ተዕለት ኑሯቸው፣ ረዘም ላለ ጊዜ ከተጻጻፉ በእርግጥ ይጠቅማል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1945 በጸደቀው ሕገ መንግሥቱ መግቢያ ላይ ጦርነት የሚጀምረው በሰው አእምሮ ውስጥ መሆኑን ሲገልጽ፣ ሕዝቦች አንዱ የሌላውን አኗኗር አለማወቃቸው ለጥርጣሬና ላለመተማመን ምክንያት እንደሆነም አብሮ ያነሳል። የባህል ልብስ ለብሶ መጨፈር ልጆቹን ያስደስታቸዋል፤ ይህን አለማወቅ ግን ብዙም አይነካውም።

በመጀመሪያዎቹ ደብዳቤዎች ከጃፓን አንድ ልጅ «እናንተ አገር ምግብ ይገኛል?» ብሎ ጠየቀ። የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎቼ እጅግ ቅር ተሰኙ፤ መልስ አንሰጥም ያሉም ነበሩ። ይሁን እንጂ ከእነርሱም መካከል በርካቶቹ «ሁላችሁም ካራቴ ትችላላችሁ?» ብለው ጽፈው ስለነበር፣ ሁለቱን ጥያቄዎች ጎን ለጎን ሰሌዳ ላይ ጽፌ ውይይቱን ለልጆቹ ተውኩላቸው። ከብዙ ክርክር በኋላ ከጠዋት እስከ ማታ የሚበሉትን፣ በጾም ቀን የሚቀየረውን፣ ላም ያላቸው ቤተሰቦች ወተቱን ለማን እንደሚሸጡ ሳይቀር ጽፈው ላኩ። የጃፓን ልጆች ደግሞ ምሳቸውን ክፍል ውስጥ ተራ ገብተው እንደሚታደሉና ክፍላቸውን ራሳቸው እንደሚያጸዱ መለሱ። የእኛም ልጆች ክፍል በተራ ስለሚጠርጉ፣ ከዚያ በኋላ የተጻፈው አብዛኛው ነገር ስለ መጥረጊያ ተራ ነበር። ካራቴንም ሆነ ረሃብን ዳግመኛ ያነሳ አልነበረም።

ይበልጥ የጠቀመን ግን በራሳችን ክፍል ውስጥ የሆነው ነው። ከልጆቹ ከፊሉ ቤታቸው አፋን ኦሮሞ፣ ከፊሉ አማርኛ የሚናገሩ ሲሆኑ፣ በግጭት ምክንያት ከሌላ አካባቢ የመጡም ነበሩባቸው። «በዓል እንዴት ታከብራላችሁ?» ለሚለው ጥያቄ የክፍሉን መልስ በጋራ ማዘጋጀት ስለነበረባቸው፣ ስለ ኢሬቻ፣ ስለ መስቀልና ስለ አረፋ መጀመሪያ እርስ በርሳቸው መጠያየቅ ግድ ሆነ። አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሳይነጋገሩ የከረሙ ልጆች አንዱ የሌላውን ቤት ወግ ሲጽፍ አይቻለሁ፤ በዚህ ዘመን ለእኛ ከዚህ የሚበልጥ ትርፍ የለም ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ ወገን እስክሪብቶና ልብስ እንላክ የሚል በጎ ሐሳብ ሊመጣ ይችላል። ቢያንስ በመጀመሪያው ዓመት በአክብሮት ባይቀበሉት እመክራለሁ፤ ሰጪና ተቀባይ የሆኑ ልጆች እኩል አይጠያየቁምና። ልጆቻችን ለእንቁጣጣሽ የሚሥሏቸውን ሥዕሎች ይላኩ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሚያስበው ዓለም አቀፍ የሰላም ቀን፣ ሴፕቴምበር 21፣ መስከረም 11 ገደማ ስለሚውል ጊዜውም ይገጥማል። ከጃፓን ደግሞ ከወረቀት የተሠሩ ሽመላዎች ሊደርስዎ ይችላል። እነዚህ በሂሮሺማው የአቶሚክ ቦምብ ጨረር ሳቢያ በደም ካንሰር ታማ፣ በሕመሟ ጊዜ እንዲህ ያሉ የወረቀት ሽመላዎችን ስትሠራ ቆይታ፣ እ.ኤ.አ. በ1955 በ12 ዓመቷ ያረፈችውን ጃፓናዊት ልጅ ሳዳኮ ሳሳኪን ያስታውሳሉ። ታሪኳን ለልጆቹ ሲነግሩ፣ ግጭት ያዩ ልጆች ካሉ እንዲናገሩ አያስገድዷቸው፤ መሣል የሚመርጥ ይሣል።

በቪዲዮ ለመገናኘት ጃፓን በስድስት ሰዓት እንደምትቀድመን ያስቡ፤ የእኛ ጠዋት ሦስት ሰዓት ለእነርሱ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ከዚያ ካለፈ ልጆቹ ወደ ቤት ይሄዳሉ። ደብዳቤውን በትምህርት ቤቱ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ያድርጉት፤ እስኪደርስ ስለሚዘገይም ፎቶውን በቴሌግራም ያስቀድሙ። የልጆቹን ምስል ከመላክዎ በፊት የወላጆችን ፈቃድ በጽሑፍ ይቀበሉ፤ የቤት አድራሻም ደብዳቤው ላይ አይጻፍ።