ወንዶቹን ሁሉም ፈለጋቸው፣ ሴቶቹን ማን ይውሰድ?

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ሰነበቱ? ሀዋሳ ታቦር ተራራ ስር ነው የምንኖረው፣ ውሻችን ቡቺ ጓሮ እንጨት ከተከመረበት ስር 6 ቡችላ ወለደችልን፣ 2 ወንድ 4 ሴት። ዛሬ 4 ሳምንታቸው ነው። ወንዶቹን ገና አይናቸው ሳይገለጥ ጎረቤት ይዟቸዋል፣ እሁድ መጥተን እንውሰድ እያሉ ነው። ሴቶቹን ግን በነፃ ውሰዱ ብልም ሰው የለም፣ ፌስቡክ ላይ ፎቷቸውን ለጥፌ ላይኩ ብቻ ዘነበ። ባለቤቴ ደሞ በማዳበሪያ አድርገን አሞራ ገደል እንተዋቸው፣ እዛ የአሳ ትርፍራፊ እየበሉ ያድጋሉ ይላል፣ እኔ አንጀቴ አልቻለም። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ መጀመሪያ የባለቤትሽን ሀሳብ እንጨርስ። አሞራ ገደል እኔም አሳ ልበላ ስሄድ አየዋለሁ፣ እዛ ያለው ትርፍራፊ ባለቤት አለው፣ ስሙ ራሱ አሞራ ገደል እኮ ነው፣ ያ አንገቱ ራቁት የሆነ ትልቅ አሞራ አለ፣ ትላልቅ ውሾች አሉ፣ ባጃጅ አለ። የወር ቡችላ እዛ መጣል አሳድጎ መልቀቅ አይደለም፣ ግድያውን ለሌላ መስጠት ነው። ደሞ ብትተርፍም ያልተከተበች የመንገድ ውሻ ነው የምትሆነው፣ እኛ አገር የእብድ ውሻ በሽታ ወደ ሰው የሚመጣው በአብዛኛው በውሻ ነው።

እሁድ የተባለውንም ሰርዢው። 8 ሳምንት ሳይሞላቸው ማንም አይወስድም፣ ጎረቤት ቢያኮርፍም ያኩርፍ። አሁን ጥርሳቸው መርፌ ነው አይደል፣ ቡቺ ሲነክሷት ብድግ ብላ ስትሄድ ሁለቱ ጡቷ ላይ ተንጠልጥለው ሲጎተቱ አይተሽ ይሆናል፣ እሱ ነው ትምህርት ቤታቸው፣ አጥብቆ የነከሰ ጡት ይከለከላል፣ እህቱን የነከሰ ደሞ ትጮህበትና ጨዋታው ይቆማል፣ ቀስ ብሎ መንከስ የሚባለውን እዛ ነው የሚማሩት። በወሩ የተወሰደ ቡችላ ይሄን ሳያውቅ ያድግና ኋላ የልጆች እጅ ሲቦጭቅ ክፉ ውሻ ይባላል። በነዚህ ሳምንታት ሰው ይልመዱ፣ ልጆች ይያዟቸው፣ የባጃጅ ድምፅ፣ ጃንጥላ፣ መጥረጊያ ሁሉንም ይዩ፣ አሁን ያላዩትን ኋላ ይፈሩታል።

ምግብ ላይ የላም ወተት ይቅር፣ ተቅማጥ ያስይዛቸዋል። ሀዋሳ ሆነሽ አሳ አይቸግርሽም፣ ቆሮሶ ቀቅይና እሾሁን አንድ በአንድ በጣትሽ እየዳበስሽ አውጥተሽ ከሩዝ ጋር አሽተሽ ስጫቸው፣ በቀን 4 ጊዜ ትንሽ ትንሽ። የወጥ ፍትፍት ግን አይሆንም፣ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል። ለቡቺም ጨመር አድርጊላት፣ 6 ስታጠባ አጥንቷ ነው የሚወጣው።

የትል መድኃኒት ከ2 ሳምንታቸው ጀምሮ በየ2 ሳምንቱ ይሰጣል፣ ካልጀመርሽ ነገውኑ እንስሳት ክሊኒክ ሂጂ፣ በኪሎ ስለሚለካ በወጥ ቤት ሚዛን መዝነሻቸው ሂጂ። ግቢያችን ንፁህ ነው እንዳትይኝ፣ ትሉ ገና እናታቸው ሆድ እያሉ ይገባባቸዋል፣ በጡትም ያልፋል፣ አፈር ላይ ለሚጫወቱ ልጆችም ይተርፋል። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው የመጀመሪያው ክትባት፣ ከዛ በየ3 ወይ 4 ሳምንቱ እየተደገመ እስከ 16 ሳምንት። የሚያስፈራው ፓርቮ ነው፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያስይዝና በቀናት ውስጥ ይጨርሳቸዋል፣ ቫይረሱ አፈር ውስጥ ወራት ይቆያል። የእብድ ውሻው በ3 ወራቸው። የሰጠሽውን ሁሉ ከነቀኑ ወረቀት ላይ ፃፊና ለወሳጁ አብረሽ ስጪ።

አሁን ወደ ሴቶቹ። ሴት ውሻ ግቢ አትጠብቅም ያለው ማነው? ቡቺ ራሷ ሴት አይደለች እንዴ፣ ግቢሽን ስትጠብቅ የኖረችው ማን ሆነና! ሰው የሚፈራው ጥበቃውን አይደለም፣ የሰፈር ወንድ ውሻ በር ላይ ሲሰለፍና በየስድስት ወሩ ገደማ ቡችላ ሲመጣ ነው፣ እና ይሄን ደብቀሽ አትስጪ፣ አውጥተሽ ተናገሪ። ማምከኛ ኦፕሬሽን አለ፣ ክሊኒኩን ዋጋውን ጠይቂና ከቻልሽ ለወሳጁ ግማሹን እችላለሁ በይው፣ ካልሆነም ወንድ በምትፈልግበት 3 ሳምንት ገደማ በር ዘግቶ ማቆየት እንዳለበት ንገሪው። ከ6 ወሯ ጀምሮ ሊመጣባት ይችላል፣ ገና ልጅ ናት ተብሎ የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ቡቺንም ጡት ካስጣለች በኋላ ለማምከኛው ውሰጃት፣ አለበለዚያ ይሄንኑ ደብዳቤ በአመትሽ ትልኪልኛለሽ፣ እኔም ይሄንኑ እመልስልሻለሁ።

ላይክ ቡችላ አያሳድግም፣ በእግርሽ ዙሪ። ዶሮ እርባታ፣ እንጨት ቤት፣ መጋዘን፣ ከልጆቿ ጋር ብቻዋን የምትኖር ሴት፣ እነዚህ ናቸው ውሻ የሚፈልጉት። ሲጠይቁሽ አንቺም ጠይቂ፣ የት ታድራለች፣ ማን ያበላታል፣ ክፍለ ሀገር ስትሄዱ ለማን ትተዋላችሁ፣ ከሷ በፊት የነበረው ውሻ ምን ሆነ? የመጨረሻዋ ብዙ ታወጣለች፣ "ሶስተኛችን ነው፣ እየሞቱብን" ካለሽ ወይ መኪና ነው ወይ ፓርቮ ነው ወይ ምግብ ነው።

እኔ ራሴ አንድ ጊዜ በ5 ሳምንቱ ቡችላ በካርቶን አድርጌ ለአንድ ጋራዥ ሰጥቻለሁ። ከ4 ወር በኋላ ሳልፍ አንድ ሜትር በማይሞላ ሽቦ ከአሮጌ መኪና ጎማ ጋር ታስሯል፣ የሚዞርበት መሬት ክብ ሆኖ ተልጧል፣ የውሃ ጣሳው ላይ ዘይት ተንሳፏል። ልውሰደው ብል "የኔ ነው" አለኝ፣ እውነቱን ነው፣ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ከዛ ወዲህ ቤቱን ሄጄ ሳላይ አልሰጥም፣ ስሰጥም "ካልፈለጋችሁት ለእኔ መልሱልኝ" ብዬ ስልኬን ትቼ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ ከፒያሳ አካባቢ ነኝ። የ3 ወር ወንድ ቡችላ አለኝ፣ ጆሮውን ቁረጠው ሚጥሚጣም አብላው ኃይለኛ ይሆናል ይሉኛል። ትናንት ታናሽ ወንድሜን ሲጫወቱ እጁን ነክሶት ትንሽ ደምቷል፣ ኃይለኝነት ጀመረ ማለት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ ጆሮውን ተወውና የወንድምህን እጅ አስቀድም። ቡችላው አልተከተበም ብዬ ነው የማስበው፣ ስለ ክትባት አንድ ቃል አልፃፍክማ። ቁስሉን አሁኑኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠበው፣ በሰዓት ያዝ፣ 15 ደቂቃ ረጅም ነው፣ ከዛ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰደው። ቁስሉ ትንሽ ነው አትበል፣ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ቡችላውን እንዳትገድለው እንዳታባርረውም፣ ግቢ ውስጥ ዘግተህ 10 ቀን ተከታተለው፣ መብላት ካቆመ፣ ምራቁ ከተዝረከረከ ወይ ፀባዩ ከተለወጠ ለጤና ጣቢያውም ለእንስሳት ሐኪሙም ንገር።

ጆሮ የተቆረጠ ውሻ ጆሮ የሌለው ውሻ ነው፣ ሌላ የሚጨምረው ነገር የለም። ሚጥሚጣውን ለመከሩህ ሰዎች በባዶ ሆዳቸው አቅርብላቸው።