የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የታንጋኒካው አሮጌ መርከብ

ጥያቄ፦ ልጄ ከመቶ ዓመት በፊት የተሠራ የመንገደኛ መርከብ በታንጋኒካ ሐይቅ ላይ እስከ ቅርብ ዓመታት ይሠራ እንደነበር ነገረኝ። ብረት ውኃ ላይ ይህን ያህል ይቆያል? ባለቤቱስ ማን ነው? (ከሰበታ)

መልስ፦ እመቤቴ፣ ልጅዎ እውነቱን ነው። መርከቡ ሊየምባ ይባላል። እኔም ቃሊቲ ጋራዥ ውስጥ የናፍጣ ሞተር ስፈታ ስገጥም የኖርኩ ነኝና ጥያቄዎ ደስ አሰኝቶኛል።

ጀርመኖች በ1913 (እ.ኤ.አ.) ፓፐንበርግ ላይ ሠሩት። ፈታትተው 5,000 ያህል ሣጥን ውስጥ አሽገው እስከ ዳሬሰላም በባሕር፣ ከዚያ በየብስ አጓጓዙት። ኪጎማ ላይ ተገጣጥሞ በ1915 ሐይቁ ላይ ወረደ። በ1916 የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲከፋባቸው ጠላት እንዳይወስደው ራሳቸው አሰመጡት።

እኔን የሚያስደንቀኝ አሰማመጡ ነው። መካኒኮቹ መጀመሪያ የእንፋሎት ሞተሩን በወፍራም ግራሶ ለበጡት! ብረትን የሚበላው ውኃና አየር ሲተባበሩ ነው፤ ግራሶው ሁለቱንም ከለከለ። የሐይቁ ውኃም እንደ ባሕር ጨዋማ አይደለም። እነዚያን እጆች ባገኛቸው እስማቸው ነበር።

ቤልጂጎች ሊያወጡት ሞክረው አልሆነላቸውም። እንግሊዞች በ1924 አወጡት፤ በ1927 በዛሬው ስሙ ሥራ ጀመረ። በኋላ የምሥራቅ አፍሪካ የባቡርና ወደብ ድርጅት፣ ቀጥሎ የታንዛኒያ ምድር ባቡር ያዙት። በ1970ዎቹ እንፋሎቱ ወጥቶ ናፍጣ ሞተር ገባለት። መርከቡ ወደብ በሌላቸው መንደሮች ሲደርስ ሰዉ በትናንሽ ጀልባ ተጠግቶ ይሳፈር ነበር፤ በ1997 ደግሞ የኮንጎ ስደተኞችን ወደ አገራቸው መልሷል። ዛሬ ባለቤቱ የታንዛኒያ መንግሥት ነው።