መልስ ለጠፋባቸው የቅርንጫፍ ልጆች

«ዋናው ጽሕፈት ቤት ለደብዳቤያችን መልስ አይሰጥም፤ ቅርንጫፉን ይዘን ብንወጣስ?» ብላችሁ ጽፋችሁልኛል። ቶሎ ትዝ ያሉኝ የካናዳ ፍሪሜሰኖች (የአንድ አሮጌ የወንድማማችነት ማኅበር አባላት) ናቸው። ስሙን ሰምታችሁ ደግሞ ቴሌግራም ላይ የሰይጣን ምልክት ፍለጋ እንዳትገቡ፤ የዘንድሮ ልጅ ከመዝገብ ይልቅ ሴራ ይጥመዋል።

በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን፣ ዛሬ ኦንታሪዮ በሚባለው አገር የነበሩት ብዙዎቹ ሎጆች (የአጥቢያ ማኅበራቸው ነው) የሚታዘዙት ለለንደኑ ታላቅ ሎጅ፣ ማለት ለዋናው ጽሕፈት ቤታቸው ነበር። ገንዘብና የአባላት ዝርዝር ባሕር አሻግረው ይልካሉ፤ የምስክር ወረቀቱ ይዘገያል፣ አቤቱታቸው መልስ ያጣል። የክፍለ ሀገር አለቃቸውን እንኳ የሚሾመው የለንደኑ የበላይ፣ ሎርድ ዜትላንድ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1855 የ41 ሎጆች ተወካዮች ሃሚልተን ተሰብስበው የራሳቸውን ታላቅ ሎጅ አቆሙ፤ ዊሊያም መርሰር ዊልሰንንም አለቃቸው አድርገው መረጡ። ከክፍለ ሀገር አለቃቸው ከሰር አለን ማክናብ ጋር ለለንደን ታምነው የቀሩትም በ1857 መረራቸውና ወጡ፤ በ1858 ከቀደሙት ጋር ተዋሐዱ።

እኛም ደሴ ቅርንጫፍ ሳለን ለዋናው ጽሕፈት ቤት ጽፈን መልስ ብናጣ፣ ጋሼ የምንለው የሒሳብ ሹማችን «አውቀው ነው የናቁን» እያለ ሥራውን ለቆ ሄደ። ኋላ አዲስ አበባ ተዛውሬ መዝገብ ቤት ብገባ፣ ከብረት ቁም ሣጥኑ ግርጌ በሲባጎ የታሰረ የፖስታ ክምር አየሁ። ማኅተሙ የኛ ነው፤ ያ ወደ ግራ የሚያጋድል የጋሼ የእጅ ጽሑፍም አለበት። አንዱም አልተከፈተም። የመዝገብ ቤቷን ወይዘሮ ብጠይቃት፣ ሻይዋን እያማሰለች «የተጻፈለት መምሪያ እኮ ታጥፏል፤ ለማን እንምራው?» አለችኝ። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ በጾም ከምሳ ዕቃዋ ሽሮ ታካፍለን ነበር። ለጋሼ ይህን ሳልነግረው ሞት ቀደመኝ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ዝምታ ሁሉ ንቀት አይደለምና አትውጡ እላለሁ። «ካናዳዎቹ ግን ወጥተው ተሳካላቸው!» ትሉኝ ይሆናል። በዚያው በእንግሊዝ የሊቨርፑልና የዊጋን ከተማ ፍሪሜሰኖች ደግሞ በ1823 ከለንደን ተለይተው የራሳቸውን ታላቅ ሎጅ ቢያቆሙም፣ የቪክቶሪያን ዘመን ሙሉ ሲመነምኑ ኖረው የመጨረሻዋ ሎጃቸው በ1913 ወደ ለንደን ተመለሰች። ካናዳዎቹ ብዙ ነበሩ፤ በመካከልም ባሕር አለ። የዊጋኖቹ እፍኝ የማይሞሉ ነበሩ፤ ለንደንም በባቡር ቅርባቸው ሆነች።

እናንተስ ስንት ናችሁ? ደብዳቤው ለየትኛው ክፍል ተጻፈ፣ ገቢ ቁጥርስ ተሰጥቶታል? ቁጥሩን ላኩልኝ፤ መዝገብ ቤት የማውቀው ሰው አለ።