የኤፍ-16 ኮክፒት በቤት ውስጥ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

የተዋጊ ጄት ኮክፒት (የአብራሪው ክፍል) አምሳያ በቤታቸው ለመሥራት ከተነሡ አንባቢዎች የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ኤፍ-16 ናቸው። ለጀማሪ ጥሩ ምርጫ ነው። የዚህ አውሮፕላን ኮክፒት ይበልጡን በስክሪንና በቁልፍ ስለሚሠራ፣ በመርፌ የሚያሳዩ ጌጆች ከሞሉት የቀድሞ ጄት ይልቅ ይቀላል። ዲሲኤስ ወርልድና ፋልከን ቢኤምኤስ የተባሉት የኮምፒውተር በረራ ሲሙሌተሮችም ኤፍ-16ን በዝርዝር ስለሚያቀርቡ፣ የሠሩት ቁልፍ ሁሉ ሥራ ያገኛል።

ሦስት በሦስት ሜትር የሆነች ክፍል አለችኝ። ከየት ልጀምር? ምን ዓይነት እንጨት ልግዛ? (ከአዲስ አበባ)

እንጨት ከመግዛትዎ በፊት ካርቶን ይሰብስቡ። የመቀመጫውን ከፍታ፣ የግራና የቀኝ ኮንሶሎቹን፣ የፊቱን ፓነል በካርቶንና በፕላስተር ያቁሙና አንድ ሰዓት ሙሉ ይቀመጡበት። ጉልበትዎ ፓነሉን ከነካ፣ ቀኝ ትከሻዎ ወደ ላይ ከተነሣ ወይም አንገትዎ ከደከመ፣ ካርቶኑን ቆርጦ ማስተካከል የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። የተቆረጠ ኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የሚሠራ ጣውላ) ግን ተመልሶ አይቀጠልም።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ መቀመጫ፣ ከዚያ ዓይን፣ ከዚያ እጅ፣ በመጨረሻ ፓነል። የኤፍ-16 መቀመጫ ወደ ኋላ 30 ዲግሪ ያዘነብላል፤ ተረከዝም ከተለመደው ወንበር ከፍ ብሎ ያርፋል። ብዙ ሰው የቢሮ ወንበር አስገብቶ ፓነሉን በሥዕሉ ልክ ይሠራና ዓይኑ ከፊት ካለው የመስታወት ማሳያ በላይ ይሆንበታል። መቀመጫውን በ30 ዲግሪ ካቆሙ በኋላ ተደግፈው ይቀመጡ፤ በዓይንዎ ከፍታ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ክር ይወጥሩ። ከዚህ በኋላ ማንኛውም የከፍታ ልኬት ከወለሉ ሳይሆን ከዚህ ክር ይነሣል። መሪው በእግሮች መካከል ሳይሆን በቀኝ ጎን ስለሆነ፣ ክንድ ሙሉ በሙሉ በማሳረፊያው ላይ ተኝቶ የእጅ አንጓ ብቻ መንቀሳቀስ አለበት።

ለዋናው አካል 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ፣ ለጎን ልባሱ 6 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ይበቃል። 244 በ122 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ የ18 ሚሊ ኤምዲኤፍ ጣውላ 40 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናልና አናጺው ዘንድ አስቆርጠው ይውሰዱት። ኤምዲኤፍ ሁለት ድክመቶች አሉት። በጠርዙ በኩል ብሎን ሲገባበት ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ለ4 ሚሊ ብሎን አስቀድመው በ3 ሚሊ ይብሱ፤ ከጫፉም ቢያንስ 25 ሚሊ ይራቁ። ሁለተኛ፣ የተቆረጠው ጠርዝ እርጥበት ይመጥና ያብጣል፤ ከቀለም በፊት በውኃ የቀጠነ የእንጨት ኮላ ሁለት ጊዜ ይቀቡት፣ ሲደርቅም በብርጭቆ ወረቀት ይሹት። ብናኙ ለሳንባ ጎጂ ስለሆነ ያለ ማስክ አይቁረጡ።

ሌላው ነገር በር ነው። ኮክፒቱን መቀመጫ፣ ግራ ኮንሶል፣ ቀኝ ኮንሶልና የፊት ፓነል አድርገው በአራት ይክፈሉት፤ አንዱም ከ70 ሳንቲ ሜትር በላይ አይስፋ። በ8 ሚሊ ብሎንና ዳዶ ይያያዙ። በኮላ የተጣበቀ ኮክፒት ቤት ሲለቀቅ የሚወጣው ተሰብሮ ነው።

ፓነሎቹ ሌሊት ጽሑፋቸው ብቻ እንዲያበራ እፈልጋለሁ። ልኬታቸውስ ስንት ነው? (ከሐዋሳ)

በጎን ኮንሶሎች ላይ የሚቀመጡ ወታደራዊ ፓነሎች መደበኛ ስፋታቸው 146 ሚሊ ሜትር ነው። ቁመታቸው ይለያያል፤ የመያዣ ብሎኖቹ ርቀት ግን ሁልጊዜ የ9.525 ሚሊ ብዜት ነው። ይህን ልኬት ከጅምሩ ከጠበቁ አንዱን ፓነል ነቅሎ በሌላ መተካት ይቻላል።

ለጽሑፉ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ወተት መሰል ነጭ አክሬሊክ ያስፈልጋል። ፊቱን በማያብለጨልጭ ጥቁር ስፕሬይ ሁለት ስስ ንብር ይቀቡ፤ ከዚያ ግራጫውን ይደርቡበት። ሲደርቅ ማስታወቂያ ቤት ወስደው በሌዘር ፊደሎቹን ያስጽፉ፤ ሌዘሩ ቀለሙን ብቻ ሲያነሣ ነጩ ይወጣል። ጥቁሩን ትተው ግራጫውን ብቻ ከቀቡ ብርሃኑ በመላው ፓነል ያልፋል። ከማስጻፍዎ በፊት ፓነሉን ወደ አምፖል አቅንተው ይመልከቱ፤ እንደ ኮከብ የሚያበሩ ነጠብጣቦች ካሉ አንድ ንብር ይጨምሩ።

አደራ የምንለው፣ የማስታወቂያ ሠራተኞች ለታፔላ የሚጠቀሙበትን የፒቪሲ ሰሌዳ ሌዘር ውስጥ እንዳያስገቡ ነው። ሲቃጠል የሚወጣው ክሎሪን ያለበት ጋዝ ሰው ይጎዳል፣ ማሽኑንም ያዝጋል።

ከኋላ ባለ 12 ቮልት ነጭ የኤልኢዲ ገመድ ይለጥፉ። በኤልኢዲውና በአክሬሊኩ መካከል ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዉ፤ ከቀረበ አንዱ ፊደል ደምቆ ጎረቤቱ ይደበዝዛል። በሜትር 4.8 ዋት የሚወስድ ገመድ ሦስት ሜትር ከሆነ 14.4 ዋት፣ ማለትም 1.2 አምፔር ነው፤ ባለ 2 አምፔር ፓወር ሰፕላይ ይግዙ።

64 ቁልፎችን በአንድ ሰሌዳ ላይ አገናኘሁ። ሦስት ማብሪያዎች ክፍት ሲሆኑ ያልነካሁት አራተኛ ይሠራል። ሽቦውን ሦስቴ ፈተሽኩ፣ የተሳሳተ የለም። (ከባሕር ዳር)

ሽቦዎ ትክክል ነው፤ የጎደለው ዳዮድ፣ ማለትም ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ትንሽ ዕቃ ነው። ይህ ችግር ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚተውበት ቦታ ስለሆነ በደንብ እናስረዳ።

8 ረድፍና 8 ዓምድ ያለው ማትሪክስ በ16 ፒን 64 ቁልፎችን ያነባል። በአራት ማዕዘን የተቀመጡ አራት ቁልፎችን ያስቡ። ሦስቱ ሲበሩ ኤሌክትሪኩ በአንዱ ወጥቶ በሁለተኛው ወደ ኋላ ተመልሶ በሦስተኛው ዞሮ ይመጣል፤ ኮምፒውተሩም አራተኛው የተጫነ ይመስለዋል። በኮምፒውተር ኪቦርድ ላይ ይህ ብዙም አያስቸግርም፤ ጣት ቁልፉን ነክቶ ስለሚለቅ። ኮክፒት ውስጥ ግን ባትሪው፣ መብራቱ፣ ራዳሩ በሙሉ በረራው እንደተከፈቱ የሚቆዩ ማብሪያዎች ናቸው፤ ስለዚህ ሐሰተኛው ቁልፍ ያለማቋረጥ ይመጣል።

መፍትሔው በእያንዳንዱ ቁልፍ ላይ አንድ ዳዮድ ነው፤ 1ኤን4148 የሚባለው ትንሹ የብርጭቆ ዳዮድ ይበቃል፣ 64 ቁልፍ ካለ 64 ዳዮድ። ሁሉም በአንድ አቅጣጫ መዞር አለባቸው። ዓምዶቹ በሰሌዳው ውስጥ ባለ ፑልአፕ (ቮልቴጁን ከፍ አድርጎ በሚይዝ ሬዚስተር) ከፍ ብለው ረድፎቹ በየተራ ወደ ዜሮ የሚወርዱበት ፕሮግራም ከሆነ፣ የዳዮዱ ጥቁር ቀለበት ወደ ረድፉ ይዞራል። አንድም ቁልፍ ካልሠራ አቅጣጫው ከፕሮግራሙ ጋር ተገላቢጦሽ ነው ማለት ነው፤ ዳዮዶቹን አይንቀሉ፣ በፕሮግራሙ ውስጥ ረድፉንና ዓምዱን ያለዋውጡ። አንዱ ብቻ ካልሠራ ያ ዳዮድ ተገልብጧል ወይም ብየዳው አልያዘም።

ለዚህ ሥራ ፕሮ ማይክሮ የተባለው ትንሽ የአርዱዊኖ (ፕሮግራም የሚጫንበት የኤሌክትሮኒክስ) ሰሌዳ ይመቻል፤ ኮምፒውተሩ በቀጥታ እንደ ጆይስቲክ ያውቀዋል። የኤፍ-16 ሁለቱ ስክሪኖች በዙሪያቸው እያንዳንዳቸው 20 ቁልፍ፣ በማዕዘኖቻቸው ደግሞ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሉ 4 ማብሪያዎች አሏቸው፤ ይህ በስክሪን 28፣ በድምሩ 56 ነጥብ ነው። አንድ ማትሪክስ ሁለቱንም ይዞ 8 ነጥብ ይተርፈዋል።

ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። የዊንዶውስ የጆይስቲክ መፈተሻ መስኮት የሚያሳየው 32 ቁልፎችን ብቻ ነው፤ 33ኛው የሞተ ቢመስልዎት አይደንግጡ፣ ሲሙሌተሩ ውስጥ ይፈትሹት። ሦስት ቦታ ያለው ማብሪያም ሁለት ነጥብ ብቻ ነው የሚፈልገው፤ መካከለኛው ቦታ ሁለቱም ያልተነኩበት ነው።

የኤፍ-16 መሪ አይንቀሳቀስም፣ የእጅን ኃይል ነው የሚለካው ይባላል። እኔም እንደዚያው ልሥራው? (ከሜሪላንድ፣ አሜሪካ)

እውነት ነው፤ የመጀመሪያው የሙከራ አውሮፕላን ዋይኤፍ-16 መሪው ጭራሽ አይንቀሳቀስም ነበር። አብራሪዎች ምን ያህል እንደገፉ እጃቸው አልነግራቸው ስላለ በኋላ ጥቂት እንቅስቃሴ ተጨመረለት። እ.ኤ.አ. ጥር 20 ቀን 1974 በኤድዋርድስ የአየር ኃይል ሰፈር አውሮፕላኑ በመሬት ላይ በፍጥነት ሲሞከር ወደ ጎን እየተወዛወዘ አስቸገረ፤ አብራሪው ከመንሸራተት መነሣት ይሻላል ብሎ ሳይታቀድ አበረረውና በሰላም አሳረፈው። ይፋዊው የመጀመሪያ በረራ የተደረገው የካቲት 2 ቀን ነው። መሪው ለጥቂት ኃይል ከመጠን በላይ መልስ ይሰጥ ነበር። እርስዎም ኃይል የሚለካ መሪ ከሠሩ የመጀመሪያው ችግርዎ ይኸው ይሆናል፤ መጀመሪያ የመልሱን ኩርባ (ለእጅዎ ኃይል ምን ያህል መልስ እንደሚሰጥ የሚወስነውን ቅንብር) መካከሉ ላይ ያለስልሱት፣ ቀስ በቀስ ያጠንክሩት።

መሣሪያው ሎድ ሴል ነው፤ የዲጂታል ሚዛን ውስጥ ያለው ዓይነት። ኤችኤክስ711 የተባለው ማጉያ ሰሌዳ ግን እንደተገዛ በሰከንድ 10 ጊዜ ብቻ ነው የሚያነበው፤ ለሚዛን ይበቃል፣ ለበረራ አይበቃም። ሬት (RATE) የተባለውን ፒን ወደ ከፍተኛው ቮልቴጅ ካገናኙት በሰከንድ 80 ይደርሳል። ሎድ ሴል በሙቀት ስለሚዛባም፣ በጀመሩ ቁጥር እጅዎን ሳያስነኩ ዜሮውን ይውሰዱ። ከሁሉም በላይ መሠረቱ መተጣጠፍ የለበትም። ከኤምዲኤፉ ላይ ካሰሩት የሚለኩት የእንጨቱን መጎበጥ ነው። 4 ሚሊ ሜትር የብረት ላሜራ ከቱቦላሬ ፍሬም ጋር አስበይደው በእሱ ላይ ይሰሩት።

ለመጀመሪያ ኮክፒት የምንመክረው ግን በሞላና በኩሽኔታ የሚንቀሳቀስ መሪ ከሆል ሴንሰር ጋር ነው። ፖቴንሽዮሜትር (እንደ ሬዲዮ ድምፅ ማስተካከያ የሚዞር ሬዚስተር) ውስጡ እየተፋቀ ሄዶ እሴቱ ይዘላል፤ 49ኢ የተባለው ሆል ሴንሰር ማግኔት ብቻ ስለሚያነብ የሚፋቅ ነገር የለውም። በ5 ቮልት ሲሠራ መሪው መሐል ላይ እያለ 2.5 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለበት። ማግኔቱን በመሪው ሙሉ እንቅስቃሴ ቮልቴጁ በሰፊው እንዲለዋወጥ አድርገው ያስቀምጡት፤ የአርዱዊኖው ንባብ 1024 ደረጃ አለው፣ ግማሹን ርቀት ብቻ ከተጠቀሙ የሚቀርልዎ 512 ነው።

አባቴ በኢትዮጵያ አየር ኃይል የኤፍ-5 ቴክኒሻን ነበሩ። ለእሳቸው ማስታወሻ ኤፍ-5ን መሥራት እፈልጋለሁ። ጌጆቹን በምን ላንቀሳቅሳቸው? (ከቢሾፍቱ)

በጣም ደስ የሚል ሐሳብ ነው። አባትዎ በጤና ካሉ የእያንዳንዱን ማብሪያ ክብደትና ድምፅ ከእሳቸው በላይ የሚነግርዎ የለም፤ ከመጀመርዎ በፊት ፓነሉን በፎቶ አስደግፈው ያስረዱዎት።

ለብዙዎቹ ጌጆች ኤክስ27.168 የተባለው የመኪና ዳሽቦርድ ትንሽ ስቴፐር ሞተር (በትንንሽ እርምጃ የሚዞር ሞተር) ተስማሚ ነው። 315 ዲግሪ ይዞራል፤ ለማሽከርከር የሚወስደው ኃይል ትንሽ ስለሆነ ከአርዱዊኖ ፒን በቀጥታ ይነዳል። ሁለቱም ጫፍ ላይ መቆሚያ ስላለው ሲበራ ወደ ኋላ እስኪገታ አዙረው ዜሮውን ያገኙታል። ለሞተር ሙቀት፣ ለነዳጅና ለፍጥነት መለኪያ ይበቃል። የከፍታ መለኪያ ግን መርፌው ደጋግሞ ሙሉ ዙር ስለሚዞር በዚህ ሞተር አይሠራም፤ ያለማቋረጥ የሚዞር ስቴፐርና ዜሮውን የሚያሳይ ትንሽ ሆል ሴንሰር ያስፈልገዋል። እሱን መጨረሻ ላይ ይሥሩት። መርፌውን ከቀጭን ፕላስቲክ ቆርጠው ያቅሉት፤ ከከበደ ሞተሩ እርምጃ ይስታል፣ ንባቡም ቀስ በቀስ ይሳሳታል።

ሰርቮዎቹ (ወደታዘዙበት ማዕዘን የሚዞሩት ትንንሽ ሞተሮች) ይንቀጠቀጣሉ፣ ዩኤስቢውም አንዳንዴ ይቋረጣል። (ከድሬዳዋ)

ሁሉንም ከዩኤስቢ እያበሉ ነው። አንድ የዩኤስቢ 2 መሰኪያ የሚሰጠው 500 ሚሊ አምፔር ነው፤ 40 ኤልኢዲ እያንዳንዱ 10 ሚሊ አምፔር ቢወስድ 400 ሄደ፣ አንድ ሰርቮ ሲነሣ ቀሪውን ያልፋል። ለሰርቮና ለመብራት የተለየ ባለ 5 ቮልት ፓወር ሰፕላይ ያድርጉ፤ የእሱን ግራውንድ (የዜሮ ቮልት መስመር) ከአርዱዊኖው ግራውንድ ጋር የግድ ያገናኙ። መንቀጥቀጡ የሚቀረው በዚህች አንዲት ሽቦ ነው። ለጠቋሚ ኤልኢዲ በ5 ቮልት 330 ኦም ሬዚስተር ይጠቀሙ።

እዚህ አሜሪካ ከእውነተኛ ጄት የወጡ ዕቃዎች ይሸጣሉ። ገዝቼ ለወንድሜ አዲስ አበባ ልላክለት? (ከቨርጂኒያ)

ለወታደራዊ አውሮፕላን ተብሎ የተሠራ ዕቃ ከአሜሪካ ለማውጣት፣ አሮጌም ቢሆን፣ የመንግሥት የኤክስፖርት ፈቃድ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ሻጩ መግዛት መፈቀዱን ሲነግርዎ መላክ ተፈቅዷል ማለቱ አይደለም። ጥንቃቄው ቀልድ የለውም፦ እ.ኤ.አ. በ2007 የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር የኤፍ-14 መለዋወጫ ሽያጭን ኢራን እጅ ይገባል በሚል ሥጋት አቁሞታል። ለወንድምዎ ተራ የኢንዱስትሪ ማብሪያ፣ ዳዮድ፣ ሴንሰር ቢልኩለት ይሻላል። እርስዎ እዚያው ለራስዎ ከገዙ ደግሞ ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ የማስወንጨፊያ መቀመጫ ከሆነ ፈንጂዎቹ ሙሉ በሙሉ መውጣታቸውን የሚያረጋግጥ ሰነድ፣ አሮጌ ጌጅ ከሆነ ደግሞ በጨለማ የሚያበራው ቀለሙ ራዲየም መሆን አለመሆኑን። ራዲየም ያለበትን ጌጅ መስታወቱን አይክፈቱ፤ ቀለሙ ባያበራም ጨረሩ አለ፣ ብናኙም ከተተነፈሰ ይጎዳል።